ምስጢርን በጆሮ መመርመር፦ ምናባዊ የወንጀል ልብ ወለድ በድምፅ ሲተረክ

በጽሑፍ የተደረሰ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በተራኪ ድምፅ ተነቦ ሲቀረጽ «የድምፅ መጽሐፍ» ይባላል። ከሬዲዮ ድራማ የሚለየው፣ ድራማው ታሪኩን በምልልስ፣ በሙዚቃና በልዩ ልዩ ማጀቢያ ድምፆች እንደ አዲስ ሲያዋቅረው፣ የድምፅ መጽሐፍ ግን በሙሉ ይዘቱ ሲዘጋጅ የደራሲውን ዐረፍተ ነገሮች ሳይቀንስና ሳይጨምር ለጆሮ የሚያደርስ በመሆኑ ነው። በዚህ መንገድ ከሚቀርቡት ዘውጎች ሁሉ የተራኪውን ብልሃትና የአድማጩን ትኩረት እኩል የሚፈትነው ምናባዊ የወንጀል ልብ ወለድ ነው፤ ይኸውም ግድያና ምርመራ የታሪኩ አከርካሪ የሆኑበት፣ ነገር ግን አስማት፣ መናፍስትና ሌሎች ከተፈጥሮ ሕግ ውጪ የሆኑ ኃይሎች ከፖሊስ ጣቢያና ከአስከሬን ምርመራ ክፍል ጎን ለጎን የሚኖሩበት የድርሰት ዓይነት ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢውን ከመርማሪው እኩል የሚያሠራ ዘውግ ነው። ማን ገደለ፣ እንዴት ገደለ፣ ለምን ገደለ የሚሉት ጥያቄዎች በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነሡና ፍንጮቻቸው በየምዕራፉ ተበትነው፣ አንዳንዴም ተራ ነገር መስለው ያልፋሉ። ታሪኩ ውስጥ አስማት ሲገባ ደግሞ ከሦስቱ የሚቀድም አራተኛ ጥያቄ ይወለዳል፤ እርሱም «በዚህ ዓለም ምን ሊሆን ይችላል፣ ምንስ ሊሆን አይችልም?» የሚለው ነው። ከወረቀት የሚያነብ ሰው ሲጠራጠር ገጽ መልሶ ይገልጣል፣ ያሰምራል፣ በኅዳጉ ምልክት ያደርጋል፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን ዋናው መዝገቡ የራሱ ትውስታ ነው። በዚህም የተነሣ እንዲህ ያለውን ድርሰት ማዳመጥ ከማንበብ የሚያንስ፣ ለሰነፍ የተተወ አቋራጭ ነው የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ነገሩ በቅርበት ሲታይ ግን ተቃራኒው ይገለጣል፤ በጥሩ ተራኪ የቀረበ ምናባዊ የወንጀል ልብ ወለድ ሙሉ ማዕረግ ያለው ንባብ ነው፣ ተራኪውም የደራሲው የሥራ ባልደረባ እንጂ ተላላኪ አይደለም።

ለዐይነ ስውራን የተጀመረ ጥበብ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ በተለይ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍ የተባለውን የድምፅ መቅረጫ በ1877 ከፈለሰፈ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት መሣሪያው ሊሰጣቸው ይችላል ብሎ ከዘረዘራቸው አገልግሎቶች አንዱ ለዐይነ ስውራን የሚናገር መጽሐፍ ነበር። ይሁን እንጂ የጊዜው ቀረጻ ከጥቂት ደቂቃዎች የሚበልጥ ንግግር ስለማይዝ ሐሳቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሐሳብ ሆኖ ቆየ። በአሜሪካ የዐይነ ስውራን ፋውንዴሽንና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ተናጋሪ መጽሐፍ» የተባለውን አገልግሎት ሲጀምሩ፣ በአንድ ገጹ 15 ደቂቃ ያህል የሚይዝ ሸክላ ይጠቀሙ ነበር።

በብሪታንያ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1935 ሲሆን፣ ከመነሻው የታሰበውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። ሥራውን ከመሩት ሰዎች አንዱ የነበረው ኢያን ፍሬዘር ራሱ በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ዐይኑን ያጣ መኮንን ነበር። እነዚያ ወታደሮች አብዛኞቹ በጉልምስና የታወሩ በመሆናቸው በጣት የሚነበበውን ብሬይል እንደ አዲስ መማር ይቸግራቸው ስለነበር፣ የሰው ድምፅ ወደ መጻሕፍት ዓለም የሚመለሱበት ዋና በር ሆነላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከተሠራጩት መጻሕፍት አንዱ የጆሴፍ ኮንራድ «ታይፉን» ሲሆን፣ ሌላው በ1926 የታተመው የአጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ነበር። የድምፅ መጽሐፍ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የግድያ ምስጢር አብሮት መኖሩ እንደ አጋጣሚ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ሸክላው አልቆ ሲገለበጥና በሌላ ሲተካ አድማጩን ሳይለቅ ጠብቆ የሚያቆይ ኃይል አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1952 ሁለት ወጣት ሴቶች ኒው ዮርክ ውስጥ ያቋቋሙት ካድመን የተባለ ኩባንያ ደራስያን ሥራቸውን ራሳቸው ሲያነቡ እየቀረጸ ለሰፊው ገበያ አቀረበ፤ በ1970ዎቹ ካሴት በመኪና የሚጓዘውን ሠራተኛ አድማጭ አደረገው፤ በ1995 የተመሠረተው ኦዲብል ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ንግግር የሚያጫውት ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ዛሬ አሥር ሰዓት የሚፈጅ ትረካ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ከባለቤቱ ጋር ገበያና መንገድ ይወጣል።

በኮቨንት ጋርደን የተገኘው ምስክር

ዘውጉን በአንድ ሥራ ለማሳየት ቤን አሮኖቪች የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ2011 ያሳተመውን «ሪቨርስ ኦፍ ለንደን»፣ ማለትም «የለንደን ወንዞች» የተሰኘውን ልብ ወለድ መመልከት ይበጃል። አሮኖቪች በ1980ዎቹ መጨረሻ ለቢቢሲው «ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ የጻፈ፣ በኋላም ለንደን ውስጥ በመጻሕፍት መደብር ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ በሌላ ርእስ የታተመ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ለሚቀጥል ተከታታይ ሥራ መክፈቻ ሆኗል። የድምፅ ቅጂውን የተረከው ትውልደ ጋናዊው ብሪታንያዊ ተዋናይ ኮብና ሆልድብሩክ-ስሚዝ ነው፤ ይህ ሰው በመድረክ ሥራው በ2019 የብሪታንያ ቴአትር ትልቅ ክብር የሆነውን የኦሊቪየር ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ የሚከፈተው በጥር ወር ብርዳማ ሌሊት፣ በመካከለኛው ለንደን ኮቨንት ጋርደን በተባለው ሰፈር ነው። አንድ ሰው አንገቱ ተቀልቶ ተገኝቷል፤ ቦታው ታዋቂው አርክቴክት ኢኒጎ ጆንስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካነጸው የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከቴአትር ቤቶች ጋር ባለው የቆየ ቁርኝት «የተዋንያን ቤተ ክርስቲያን» እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ ወደ አደባባዩ የዞረው ባለ ግዙፍ ምሰሶ ፊቱ በር መሳይ ነገር እንጂ የሚገባበት በር የለውም፤ ምክንያቱም ከጀርባው ያለው መንበሩ ስለሆነ መግቢያው በተቃራኒው በኩል ተደርጓል። መርማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ጀማሪው ኮንስታብል ፒተር ግራንት ከባልደረባው ከሌስሊ ሜይ ጋር ቦታውን እንዲጠብቅ ይተዋል። ሌስሊ ቡና ልታመጣ ስትሄድ፣ ከምሰሶዎቹ ጥላ ሥር አሮጌ ልብስ የለበሰ ሰው ብቅ ብሎ ግድያውን እንዳየ ይናገራል። ወጣቱ ፖሊስ እንደ ሥልጠናው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቃሉን መቀበል ይጀምራል፤ ምስክሩ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ሙት መንፈስ መሆኑን የሚረዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ትዕይንት በድምፅ ሲቀርብ ምን እንደሚጨመርበት ማስተዋል ያስፈልጋል። ሌሊት ነው፣ ሰው የለም፣ ያለው ከጨለማ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አድማጩና ፒተር በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ይገኛሉ፣ ሁለቱም የማያውቁትን ሰው የሚመዝኑት በአነጋገሩ ነው። ተራኪው የመንፈሱን ቃል በሚያስፈራ ጩኸት ሳይሆን በቆየ የለንደን ሠፈርተኛ አነጋገር፣ እንደ ማንኛውም የመንገድ ሰው ሲያናግረው አስገራሚነቱ ከድምፁ ሳይሆን ከነገሩ ይመጣል። በዚህ ትዕይንት የሚታየው የዘውጉ ቁልፍም ይኸው ነው፤ ያልተለመደው ነገር በተለመደ ቋንቋ ሲነገር ይታመናል።

ፒተር ከዚያ በኋላ ቶማስ ናይቲንጌል ወደተባለ ዋና መርማሪ ይመደባል። ናይቲንጌል ራስል አደባባይ አካባቢ በሚገኝ ፎሊ በተባለ ቤት የሚኖር፣ ከፖሊስ ሠራዊቱ አስማትን በሥራው የሚጠቀም የመጨረሻው ሰው ነው። በልብ ወለዱ ዓለም አስማትን እንደ ሳይንስ በሥርዐት ያደራጀው አይዛክ ኒውተን ነው፤ ደራሲው ይህን ሲፈጥር ከእውነተኛው ታሪክ ተነሥቶ ነው፣ ምክንያቱም ኒውተን በ1687 የስበትን ሕግ የያዘውን ታላቅ መጽሐፉን ያሳተመ ሊቅ ከመሆኑም በላይ ለብዙ ዓመታት አልኬሚ የሚባለውን፣ ተራ ብረትን ወደ ወርቅ የመለወጥ ምኞት ያለበትን የጥንት ጥበብ የተመራመረ ሰው ነበር። ወንዞቹም ሰው ሆነው ይመጣሉ፤ የቴምዝ ታችኛው ክፍል እመቤት ከናይጄሪያ የመጣች ሴት ስትሆን፣ የላይኛው ክፍል ጌታ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋ ወንዙን በቆሻሻ በሞላችበት ጊዜ ለንደንን ጥሎ የወጣ ሽማግሌ ነው። በ1858 የቴምዝ ክርፋት የፓርላማውን ሥራ ያወከ መሆኑና ከዚያም የከተማዋ ታላቅ የፍሳሽ መውረጃ መሠራቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ዛሬም እንደ ፍሊትና ታይበርን ያሉት ትናንሽ ወንዞች በመንገዶች ሥር ተቀብረው ይፈስሳሉ።

የአስማት ሕግና የፍንጭ ሕግ

የወንጀል ልብ ወለድ ከአስማት ጋር መጋባቱ ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል። የካቶሊክ ካህንና የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የነበረው ሮናልድ ኖክስ በ1929 ለዘውጉ ካወጣቸው ዐሥር ትእዛዛት ሁለተኛው ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ኃይሎችን በሙሉ የሚከለክል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገዳዩ በግድግዳ ማለፍ የሚችል ከሆነና ይህም የሚነገረው በመጨረሻው ምዕራፍ ከሆነ፣ አንባቢው ቀድሞ ሊደርስበት የሚችልበት መንገድ አልነበረም ማለት ነው፤ ጨዋታውም ማታለል ይሆናል።

መፍትሔው የተገኘው አስማቱን በማስወገድ ሳይሆን በሕግ በማሰር ነው። አይዛክ አሲሞቭ በ1954 ባሳተመው «ዘ ኬቭስ ኦፍ ስቲል» ሮቦቶች የሚኖሩበትን የወደፊት ዓለም ለመርማሪ ታሪክ መጠቀም እንደሚቻል አሳየ፤ የሮቦቶቹ ሕግ ከመነሻው ስለተነገረ አንባቢው በዚያው ሕግ ማሰብ ይችላል። ራንዳል ጋሬትም በ1960ዎቹ ሎርድ ዳርሲ የተባለ መርማሪ ፈጥሮ አስማት እንደ ፊዚክስ የራሱ ደንብ ባለው ዓለም ውስጥ አሠማራው። የዘመኑ ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 በጻፈው ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ መርሕ አጠቃልሎታል፤ ደራሲ ችግርን በአስማት መፍታት የሚችለው አንባቢው ያንን አስማት በተረዳው መጠን ልክ ነው የሚል ነው።

«የለንደን ወንዞች» ይህን መርሕ በጥንቃቄ የሚከተል ሥራ ነው። አስማት ሲሠራ በአቅራቢያው ባሉ ነገሮች ላይ «ቬስቲጂያ» የተባለ አሻራ ይተዋል፤ ይህም የሚታይ ምልክት ሳይሆን እንደ ሽታ፣ እንደ ድምፅ ወይም እንደ ድንገተኛ ስሜት የሚመጣ ነገር ነው። አስማት በቅርቡ ያለን ማይክሮፕሮሰሰር አቃጥሎ ወደ አሸዋ ይለውጣል፣ ስለዚህም ሥራ ያቆመ የእጅ ስልክ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ አስማት የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንጎሉ ይጎዳል። ሦስቱም ሕጎች በታሪኩ ሂደት ይነገራሉ፣ ይፈተናሉ፤ ፒተርም እንደ ላቦራቶሪ ተማሪ ሙከራ እያደረገ ያረጋግጣቸዋል። አድማጩ እነዚህን ሦስት ነገሮች በጆሮው ይዞ ከቆየ መርማሪው የያዘውን መሣሪያ ሁሉ ይዟል ማለት ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ አይገለጥም፤ የምስጢር ታሪክን መጨረሻ ላልሰማ ሰው መንገር ገና ያልቀመሰውን ማዕድ መንጠቅ ነው።

የተከታታዩ ሁለተኛ መጽሐፍ «ሙን ኦቨር ሶሆ» ደግሞ ለጆሮ የተፈጠረ የሚመስል ፍንጭ ይዟል። በትርፍ ጊዜው ጃዝ የሚጫወት አንድ ሰው ይሞታል፤ ሞቱ ከልብ ድካም የመጣ ይመስላል። ፒተር ግን ወደ አስከሬኑ ዝቅ ሲል ከሥጋው የሚመጣ የሳክስፎን ዜማ ይሰማል፤ ዜማው በ1930 የተደረሰው «ቦዲ ኤንድ ሶል» ነው። የፒተር አባት የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች በመሆኑ ልጁ ዜማውን ለመለየት አይቸገርም፤ ከዚያም ምርመራው ዜማው በማን አጨዋወት የተሰማ እንደሆነ ወደ መለየት ያመራል። በወረቀት ላይ ይህ ፍንጭ የዘፈን ርእስ ብቻ ነው። ዜማውን የሚያውቅ አድማጭ ግን ቃሉ ከተራኪው አፍ ሲወጣ ውስጡ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ፒተር አስከሬኑ ላይ ያደረገውን ነገር አድማጩም በጆሮው ያደርጋል።

ምስጢሩን የሚያውቀው ድምፅ

ተራኪ ወደ ቀረጻ ክፍል ከመግባቱ በፊት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜውን፣ የተወለደበትን ሰፈር፣ የትምህርቱን ደረጃ፣ በኋላ የሚገለጥ ምስጢሩን እየመዘገበ የድምፅ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ የማያውቃቸውን ስሞችና የላቲን ቃላት አነባበብ ያጣራል። የቀረጻው ክፍል ጠባብ፣ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር የተሸፈነ ነው። የወረቀት ኮሽታ እንዳይገባ ጽሑፉ በአብዛኛው ከስክሪን ላይ ይነበባል፤ የሚንሿሿ ልብስ አይለበስም፤ ምራቅ የሚፈጥረውን የአፍ ጠቅታ ለመቀነስ ብዙ ተራኪዎች በየመሐሉ አረንጓዴ ፖም ይገምጣሉ። ስሕተት ሲፈጠር ቀረጻው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ተራኪው የመጨረሻዎቹን ቃላት ሰምቶ በዚያው ትንፋሽና በዚያው ስሜት ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ትረካ 9,300 ያህል ቃላት እንደሚይዝ ይገመታል፤ ያንን አንድ ሰዓት ለማውጣት ንባቡ፣ እርማቱና ማጣራቱ ተደምሮ ብዙ የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህም እንደ «የለንደን ወንዞች» ያለ አሥር ሰዓት ገደማ የሚሰማ ሥራ ከጀርባው የሳምንታት ድካም አለ።

በዚህ መጽሐፍ ላይ የተራኪው ፈተና ድርብ ነው። ታሪኩን የሚናገረው ፒተር ራሱ፣ «እኔ» እያለ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ገጸ ባሕርያት የሚሰሙት በፒተር ድምፅ ውስጥ አልፈው ነው። እናቱ ከሴራሊዮን የመጣች፣ እርሱ ግን ለንደን ተወልዶ ያደገ ወጣት አነጋገር አለው፤ ናይቲንጌል ከሌላ ዘመን የተረፈ የባላባት ልጅ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ የወንዟ እመቤት ቃል ውስጥ ሌጎስ ይሰማል። በእንግሊዝ አገር አነጋገር የትውልድ ቦታን ብቻ ሳይሆን የመደብ ደረጃንም ስለሚያሳብቅ፣ እነዚህ ልዩነቶች ጌጥ አይደሉም፤ ፖሊሱ ሰውን የሚመዝንባቸው ማስረጃዎች ናቸው። ሆልድብሩክ-ስሚዝ አንዱን ከሌላው ሲለይ ድምፁን ከማወፈርና ከማቅጠን ይልቅ ፍጥነቱን፣ ዕረፍቱንና የቃሉን ክብደት በመለወጥ ስለሚሠራ፣ አድማጩ «አለ»፣ «አለች» የሚለው ቃል ከመድረሱ በፊት ተናጋሪውን ያውቀዋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን መደበቅ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ከመጋረጃ ጀርባ የሚናገር ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሃያኛው ምዕራፍ ከሚታወቅ ገጸ ባሕርይ ጋር አንድ ሆኖ ቢገኝ፣ ወረቀቱ ይህን ያለ ችግር ይደብቃል፤ ድምፅ ግን ሁለቱን አንድ ካደረገ ምስጢሩን አስቀድሞ ያወጣል፣ ጨርሶ ከለያያቸው ደግሞ ይዋሻል። ጥሩ ተራኪ መካከለኛ መንገድ ይፈልጋል፤ በሹክሹክታ፣ በጉንፋን፣ በቁጣ ወይም በርቀት ሰበብ ድምፁን ይጋርደውና መልሶ የሚያዳምጥ ሰው «ልክ ነው፣ እርሱው ነበር» እንዲል ያደርጋል። ፍንጭ የያዘች ዐረፍተ ነገር ስትመጣም ተራኪው ሊጫናት አይገባም፤ ሊቸኩልባትም አይገባም። የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ማንበብ የዚህ ሙያ ከፍተኛው ደረጃ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ሰው ሠራሽ ድምፅ የሚነሣበት ምክንያት አለ። በኮምፒውተር የተፈጠሩ ድምፆች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መጻሕፍትን በብዛት መተረክ ጀምረዋል፤ አፕልም በ2023 እንዲህ ያሉ ትረካዎችን ለገበያ አቅርቧል። ለመማሪያ መጻሕፍትና ለመረጃ ይህ ትልቅ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። የወንጀል ምስጢርን ግን ቃላትን አጣርቶ መጥራት ብቻ አይበቃውም፤ በአምስተኛው ምዕራፍ የምትነገር ተራ ቃል በሃያ አምስተኛው የምታስከትለውን እያወቀ የሚመዝን አንባቢ ይፈልጋል።

ጆሮ ማንበብ ይችላልን?

ማዳመጥ ከማንበብ ጋር እኩል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች ተፈትኗል። በ2016 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 91 አዋቂዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱ የአንድን መጽሐፍ ክፍል እንዲያነብ፣ ሁለተኛው እንዲያዳምጥ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም በአንድ ላይ እንዲያደርግ ካደረገ በኋላ በመረዳት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በ2019 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የተደረገ የአንጎል ምርመራም ዘጠኝ ሰዎች አንድን ታሪክ ሲሰሙና ሲያነቡ የቃላቱን ትርጉም የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች በሁለቱም ጊዜ እጅግ የተቀራረበ አሠራር እንዳሳዩ ደርሶበታል። ፊደሉ በዐይን፣ ድምፁ በጆሮ ቢገባም ትርጉሙ የሚሠራበት ቤት አንድ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያሳስባሉ። በ2010 የወጣ ጥናት የትምህርት ጽሑፍን በድምፅ የተከታተሉ ተማሪዎች ካነበቡት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል፤ በ2013 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰው ሲያዳምጥ ሐሳቡ ይበልጥ እንደሚባዝን አረጋግጧል። ዐይን ሲሰለች ይቆማል፣ ገጹም ይጠብቀዋል፤ ድምፅ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይቀጥላል። ለወንጀል ልብ ወለድ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው፤ አድማጩ ስለ ነገ ሥራው ሲያስብ ያለፈችው አንዲት ዐረፍተ ነገር የምስጢሩ መፍቻ ልትሆን ትችላለች።

ሆኖም ጆሮ ዐይን የሌለው አንድ ታማኝነት አለው። ዐይን ይዘልላል፤ ረጅም የክፍል መግለጫ፣ በጠረጴዛ ላይ ያሉ ዕቃዎች ዝርዝር ሲመጣ ቸኩሎ ወደ ምልልሱ ይሻገራል፤ የወንጀል ደራስያንም ይህን ስለሚያውቁ ዋናውን ፍንጭ ከዝርዝሩ መካከል ይሸሽጉታል። የሚያዳምጥ ሰው ግን ሰባተኛውን ዕቃ ከስድስተኛውና ከስምንተኛው እኩል ይሰማዋል። ያለ ዝለት የሚከታተል አድማጭ ከቸኳይ አንባቢ የበለጠ መርማሪ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ በመነሣት ልምድ ያላቸው አድማጮች የሚከተሏቸው ጥቂት ደንቦች አሉ። እጅን የሚይዝ አእምሮን ግን ነጻ የሚተው ሥራ፣ ለምሳሌ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ መተኮስ ወይም በእግር መጓዝ፣ ለማዳመጥ ይመቻል፤ መልእክት መጻፍና ማንበብ ግን ከትረካው ጋር በአንድ የቋንቋ በር ለመግባት ስለሚጋፉ አይስማሙም። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ስሞችና ሕጎች የሚተዋወቁባቸው ስለሆኑ ፍጥነት ሳይጨመር መሰማት አለባቸው። ሐሳብ መባዘኑ ሲታወቅ ሠላሳ ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ ገጽ ገልብጦ እንደማየት ነው። የሚያጠራጥር ነገር ሲያጋጥምም በማጫወቻው ላይ ምልክት ማድረግ በኅዳግ ከማስመር የተለየ አይደለም።

የአማርኛ ትረካ ቀሪ ሥራ

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ጭምር የእነ ፊታውራሪ መሸሻንና የጉዱ ካሣን ነገር በየቤታቸው አውርተውታል። ያ ትረካ ድምፅ ለድርሰት ምን ሊያደርግ እንደሚችል በዚሁ ቋንቋ የተመሰከረበት ነው። ሬዲዮ ግን የሚሰማው በሰዓቱ ብቻ ነው፤ ያመለጠ ክፍል ተመልሶ አይገኝም፤ ለምስጢር ታሪክ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ መስማት መቻል ግዴታ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ልማዱን እንደ አዲስ መፍጠር ሳይሆን ሙሉ መጽሐፍን በጥራት ቀርጾ፣ በሕጋዊ መንገድ በእጅ ስልክ ላይ ማኖር ነው።

የሚጠብቁትም ብዙዎች ናቸው። ማየት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ለእነርሱ ሲባል በ2013 በማራኬሽ የጸደቀውንና ለዐይነ ስውራን የሚዘጋጁ የመጻሕፍት ቅጂዎችን ከቅጂ መብት ገደብ ነጻ የሚያደርገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 ተቀብላለች። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ ነገር ግን ፊደሉን አቀላጥፈው የማያነቡ ልጆች አሉ። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ የሚውሉና መጽሐፍ ለመግለጥ እጃቸው ነጻ የማይሆን እኅቶች አሉ። አስማትም ሆነ ልብ አንጠልጣይ ምርመራ ለአማርኛ ተረትና ልብ ወለድ ባዕድ አይደለም፤ ሁለቱን በሕግ አስተሳስሮ ለጆሮ የሚጽፍ ደራሲ ሰፊ ያልታረሰ መሬት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ አሳታሚዎች መጽሐፍ ለማተም ሲዋዋሉ የድምፅ ቅጂውን በዚያው ውል ውስጥ ያስገቡ፤ ለተራኪውም እንደ ደራሲው ስሙን በሽፋኑ ላይ ያኑሩለት፣ ድካሙንም ይክፈሉት። ተዋንያን ከመድረክ ሥራቸው ጎን ትረካን እንደ ራሱን የቻለ ሙያ ይያዙት። አድማጭም ያለ ፈቃድ የተቀረጸና የተበተነ ቅጂ ከመቀባበል ተቆጥቦ ለሚሰማው መጽሐፍ ይክፈል፤ ቀጣዩ መጽሐፍ የሚቀረጸው በዚያ ገንዘብ ነውና።